የጋራው ፋይል

«ቀለሞቹን በሙሉ አንድ ቦታ የሰበሰብኳቸው እኔ ነኝ» ሲል ሰማችው። ሒክማ ከበርሚል በቀዳችው ውሃ የቁርሱን ብርጭቆዎች ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብላ እያጠበች ነበር፤ የወንድሟ የጃፋር ክፍል መስኮት ከራሷ በላይ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጃፋር አዲስ አበባ ካለው የድረ ገጽ ሥራ ድርጅት ኃላፊ ከአቶ ሔሩይ ጋር በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ነው። ድምፁ ቤት ውስጥ የሚናገርበት አይደለም፤ ረጋ ያለ፣ ቃላቱን እየመረጠ የሚጥል የቢሮ ድምፅ ነው። «አዎ፣ ክረምቱን ሙሉ የለፋሁበት ነው። አሁን አንድ መስመር ስቀይር ሦስቱም ድረ ገጾች አብረው ይቀየራሉ።» ከኮምፒውተሩ ውስጥ አቶ ሔሩይ «በጣም ጎበዝ! ይሄን ነበር የምፈልገው» አለ። ሒክማ ብርጭቆውን እንደያዘች ተነሥታ ቆመች። አረፋው በክንዷ ወርዶ እጅጌዋ ውስጥ ገባ። ወደ ክፍሉ በር ራመድ ስትል እናቷ ሐቢባ ከማድ ቤት ብቅ አለች። የልጇን ፊት አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በሹክሹክታ «ዝም በይ፤ ስብሰባ ላይ ነው» አለቻት።

ሒክማ ብርጭቆዎቹን አለቅልቃ ሳፋው ውስጥ ደፋቻቸውና እናቷን ተከትላ ማድ ቤት ገባች። ያ ጃፋር የሚያወራለት ፋይል የማን እንደሆነ እቤት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሥራውን ከአቶ ሔሩይ ድርጅት የሚያመጣው ጃፋር ነው፤ ደንበኛ የሚያሳምነው፣ ስልክ የሚያነሣው፣ አዳዲስ ገጾቹን በጥድፊያ የሚያቆመው እሱ ነው። መልኩ ግን የሒክማ ነው። መጀመሪያ ላይ የእናቶች ክሊኒኩም፣ የግል ትምህርት ቤቱም፣ የግንባታ ዕቃ አስመጪውም ድረ ገጽ እያንዳንዱ ቀለሙን በየገጹ በየጥጉ በትኖ ነበር የያዘው። ደንበኛ «ይቺን አረንጓዴ ትንሽ አድምቋት» ባለ ቁጥር ሒክማ ላፕቶፗ ላይ አቀርቅራ አንድ በአንድ ስታድን ትውላለች፤ ሁልጊዜም የሆነ ቦታ አንድ የድሮ አረንጓዴ ተደብቆ ይቀራል። በክረምቱ ተነሥታ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ፋይል ሰበሰበችው። ለእያንዳንዱ ቀለም፣ ለእያንዳንዱ የፊደል መጠን፣ በሣጥንና በሣጥን መካከል ለሚተወው ክፍተት ሳይቀር ስም አወጣችለት። «ዋና ቀለም»፣ «የጽሑፍ ቀለም»፣ «ሰፊ ክፍተት» እያለች። ድረ ገጾቹ ከእንግዲህ ቀለሙን ራሱን አይዙም፤ ስሙን ይጠራሉ፣ ፋይሉ ይመልስላቸዋል። መብራት ሲጠፋ በስልኳ ብርሃን፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ወረቀት ላይ እየጻፈች የሠራችው ነው። ስትጨርስ ለጃፋር አሳይታው ነበር። «አንድ መስመር ይበቃል» ብላው ነበር፣ ከደስታዋ ብዛት። እሱም ግንባሯን ስሟት ነበር።

«እማ፣ እኔ እኮ ነኝ የሠራሁት» አለች ማድ ቤት ውስጥ።

«አውቃለሁ» አለች ሐቢባ። ሽንኩርቱን መክተፏን አላቆመችም። «አላውቅም መሰለሽ? ስትሠሪ ሻይ የማመጣልሽ ማን ሆነና ነው? ግን የወንድምሽ ኒካሕ እስኪታሰር ታገሺ። የልጅቷ ቤተሰቦች ኃላፊ ሊሆን ነው ተብለው ነው እሺ ያሉት። አቶ ሔሩይም አንድ ሰው ነው የምቀጥረው ብሏል። ያንቺ ነገር ይደርሳል።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

ሽንኩርቱ ጨርሶ ደቆ ነበር፤ ሐቢባ ግን መልሳ መላልሳ ትከትፈዋለች። ከዚያ ስለ ቲማቲም አነሣች፤ ትናንት የነበረበት ዋጋ ዛሬ እንደሌለ፣ ሻጮቹ ነዳጅ ጠፋ እያሉ የሚጨምሩት እንደሆነ፣ ለሒክማ አባት ለአብዱሰመድ ሱቅ ድረስ ምሳውን ማን እንደሚያደርስለት። ሒክማ ነጠላ ጫማዋን በሽፍን ጫማ ቀየረች፣ ላፕቶፗን ቦርሳ ውስጥ ከተተች፣ ሻርፗን አስተካክላ ወጣች። በወንድሟ መስኮት ሥር ስታልፍ ጃፋር እየሳቀ ነበር።

የመቀሌው ቀዳማይ ወያነ ሰፈር በዚያ ሰዓት ሰውና ጋሪ ይጋፋበታል። የድንጋይ አጥሮቹን ጥግ ይዛ እስከ አስፋልቱ በእግሯ ሄደችና ባጃጅ አስቆመች። ሾፌሩ «ናበይ?» ብሎ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት፤ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ስትለው ከወትሮው እጥፍ ጠራባት። መከራከር አቃታት። ሌላ ቀን ቢሆን ወርዳ በእግሯ ትሄድ ነበር። ነፋሱ አቧራውን ከኮብልስቶኑ ላይ እያነሣ ፊቷ ላይ ይበትነዋል፤ እሷ ደግሞ ለጃፋር ልትለው የሚገባትን በልቧ ትደረድራለች፤ አንዱም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ የለውም። ሌባ እንዳትለው ወንድሟ ነው። ድርጅቱን ያገኘው እሱ ነው፣ ገበያው በሞተበት ጊዜ ቤቱን ያቆመው እሱ ነው። ይህ ሁሉ እውነት መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያናድዳት። ውሸታም ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል በቀለላት!

ጓደኛዋ አክሱማዊት ማተሚያ ቤት ውስጥ የባነርና የመጥሪያ ካርድ ዲዛይን ትሠራለች፤ ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል። ተማሪዎች የሚከራዩበት ግቢ ውስጥ የምትኖርባት ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ግድግዳው ላይ የተደረደሩ የቀለም ናሙናዎች ብቻ ይዛለች። ዕረፍቷ ነበርና ጸጉሯን እያበጠረች በሩን ከፈተች። «ሓፍተይ፣ እንታይ ኮይንኪ? ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም» አለቻት። ሒክማ ነገረቻት። አክሱማዊት ማበጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። አከራይዋ በሚቀጥለው ወር ኪራይ እንደሚጨምሩ ነግረዋት ጠዋቱን ሙሉ ስትናደድ ስለነበር ቁጣዋ ዝግጁ ነው።

«ፋይሉ የተቀመጠው በአንቺ አካውንት አይደል?»

«ነው።»

«በቃ አጥፊው። ሦስቱም ራቁታቸውን ይቅሩ። ያኔ ሠራሁ ያለው ሰውዬ ይሥራዋ!»

ሒክማ ላፕቶፗን ከፈተች። እውነት ነው፣ በእጇ ነው። አንድ ቦታ ብትነካ ክሊኒኩም ትምህርት ቤቱም ቀለምና ቅርጽ የሌለው፣ ፊደል ብቻ የተደረደረበት ገጽ ይሆናሉ። ጣቷን የፊደል ሰሌዳው ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ክሊኒኩን አሰበች፤ በስልካቸው ቀጠሮ የሚይዙትን ነፍሰ ጡሮች፣ የሚጫኑትን በተን ፈልገው የሚያጡትን። «እነሱ ምን አደረጉኝ?» አለችና እጇን አነሣች። በምትኩ ለአቶ ሔሩይ መልእክት ጻፈች። ጽፋ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች። አክሱማዊት ከኋላዋ ሆና እያነበበች «አታለስልሺው» ትላታለች። በመጨረሻ የቀረው አጭር ነበር፦ የጃፋር እህት ሒክማ መሆኗን፣ ጠዋት ያየውን የጋራ ፋይል ያዘጋጀችው እሷ መሆኗን፣ ከፈለገ አሠራሩን ልታስረዳው እንደምትችል። ላከችው። አክሱማዊት ዳቦና ሻይ አቀረበች፤ ሁለቱም ስልኩን እያዩ በሉ። መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት መጣ፤ መልስ ግን አልመጣም።

ምሳ ሰዓት አለፍ ሲል ስልኩ ጮኸ። አቶ ሔሩይ አልነበረም። የክሊኒኩ ሲስተር አፀደ ናት። ሒክማ የድረ ገጹን አጠቃቀም ስታስተምራት ስልክ ቁጥሯን ወስዳ ነበር፤ የሆነ ነገር ሲገጥማት ለጃፋር ሳይሆን ለእሷ ነው የምትደውለው።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ያ ቀጠሮ ያዙ የሚለው የት ሄደብን?» አለች ሲስተር አፀደ። «አንድም ሰው እየያዘ አይደለም። እየደወሉ ቦታው ባዶ ነው ይሉኛል፤ እኔም ስከፍተው ባዶ ነው። ከኵሓ ድረስ የመጣች አለች፣ ሆዷን ይዛ ወንበር ላይ ቁጭ ብላለች። ምን ልበላት?»

ሒክማ የክሊኒኩን ገጽ ከፈተች። ጽሑፉ አለ፣ ሥዕሉ አለ። በተኑ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ግን ነጭ ነበር። በነጩ ላይ ነጭ በተን፣ በላዩ ላይ ነጭ ፊደል። የትምህርት ቤቱን ከፈተች፤ ርእሶቹ ሁሉ ጠፍተዋል። የአስመጪውም እንዲሁ። ወደ ፋይሉ ሮጠች። «ዋና ቀለም» የሚለው መስመር ላይ አረንጓዴው ተነሥቶ ነጭ ተተክቷል። ማን እንደቀየረው ፈለገች። ሒክማ አብዱሰመድ ይላል። የራሷ ስም። ቅድም፣ እሷ እዚህ ዳቦ እየቆረሰች ሳለ።

ደነገጠች። ቀጥሎ ገባት። መብራት በጠፋ ቁጥር የእሷ አሮጌ ላፕቶፕ ስለሚዘጋ፣ ባትሪው በሚቆየው በጃፋር ኮምፒውተር ላይ ትሠራ ነበር፤ አካውንቷን እዚያ ከፍታ ነው የተወችው። «ያ ወንድሜ…» ብላ ሳትጨርስ ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን አቶ ሔሩይ ነው።

«መልእክትሽን አይቼዋለሁ» አለ። ድምፁ ጠዋት በመስኮት የሰማችው አይደለም። «ቅሬታ ሊኖርሽ ይችላል፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ አልገባበትም። ግን በደንበኛ ላይ ነው እንዴ የምትወጪው? ሦስት ደንበኛ በአንድ ጊዜ?»

«እኔ አይደለሁም አቶ ሔሩይ።»

«ፋይሉ ፊት ለፊቴ ነው ያለው። የሚያሳየው ያንቺን ስም ነው እኮ!»

አክሱማዊት ከፊቷ ሆና በምልክት «ንገሪው፣ ንገሪው» ትላለች። ሒክማ አፏን ከፈተች። ጃፋር ነው ማለት አንድ ቃል ነበር። ነገር ግን ያንን ቃል ለባዕድ ሰው፣ በስልክ፣ ወንድሟ በሌለበት መናገር ከበዳት። «መጀመሪያ ላስተካክለው» አለች ብቻ። አቶ ሔሩይ «ቶሎ!» ብሎ ዘጋው። አክሱማዊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሠራችበት ጊዜ ስሟ የትም አልነበረም፤ የተበላሸ ቀን ግን ሙሉ ስሟ ከነአባቷ ተጽፎ ተገኘ። ሒክማ እንባዋ መጥቶ ፊደሎቹ ሲደበዝዙባት በሻርፗ ጫፍ ጠረገችና ሥራዋን ቀጠለች። አረንጓዴውን መለሰች። ነጩን የፈለገው ጃፋር አሁን ድረ ገጽ የጀመረለት አዲስ ሆቴል እንደሆነ ከሥራው አይታ ነበርና ወደ ሆቴሉ ድረ ገጽ ገባች። የጋራውን ፋይል ሳትነካ፣ ሆቴሉ በራሱ ፋይል ውስጥ ያንኑ «ዋና ቀለም» የሚለውን ስም ደግሞ እንዲጠራና ነጭ እንዲሰጠው አደረገች። በዚያ ድረ ገጽ ላይ ብቻ የኋለኛው ይጸናል፤ ሌሎቹ እንደነበሩ ይቆያሉ። መጀመሪያም የታሰበው እንዲህ ነበር። ጃፋር ቢጠይቃት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ታሳየው ነበር። ለሲስተር አፀደ ደወለች፤ ሲስተር አፀደ «ተመልሷል፣ ተመልሷል፣ የቐንየለይ» ብላ አመሰገነቻት። ከዚያ ቦርሳዋን አነሣች።

ቤት ስትደርስ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት አዛን ተጠርቶ አልቋል። ጃፋር በሩን ዘግቶ ነበር። ሳታንኳኳ ገባች። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ እጁን ጭኖቹ መሃል ቀብሯል፤ ምሳው ሳይነካ ሰሃኑ ላይ ደርቋል።

«አንተ ነህ የቀየርከው?»

«ሆቴሉ ነጭ በተን ፈልጎ ነው። አቶ ሔሩይ ከሰዓት በፊት አሳየኝ አለኝ።»

«የጋራውን ፋይል ትነካለህ?»

«አንድ መስመር ነው እኮ ሒክማ። ራስሽ አይደለሽ አንድ መስመር ይበቃል ያልሽኝ?»

ልትጮህበት ነበር፤ ሳቅ የሚመስል ነገር አመለጣት። «በእኔ ስም ነው የገባው። ደውሎ ሰደበኝ። በንዴት ያደረግኩት መሰለው።» ጃፋር አቀረቀረ። «እነግረዋለሁ» አለ። መቼ እንደሚነግረው አላለም። ሐቢባ ድምፃቸውን ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች አንዴ ወንድ ልጇን አንዴ ሴት ልጇን ታያለች። ከሦስቱ አንዱም ያልፈለገው የጥሪ ድምፅ በዚያው መሃል ከኮምፒውተሩ ወጣ። የአቶ ሔሩይ ፊት መጣ። ሒክማ ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጃፋር፣ እህትህን አናገርካት?»

«አዎ» አለ ጃፋር በቢሮ ድምፁ። «ተስተካክሏል። ሁለተኛ አይደገምም።»

ሒክማ ጆሮዋ ጋለ። ሐቢባ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። አቶ ሔሩይ ግን ጉዳዩን ጨርሶ ወደ ሌላ ተሻግሮ ነበር። «ጥሩ። አሁን ሆቴሉ ነጭ ነው፣ ሌሎቹም በቦታቸው ናቸው። ይሄ ነው የገረመኝ። እንዴት ለየኸው? ነገ እዚህ ላሉት ልጆች እንድታስረዳልኝ እፈልጋለሁ፤ እስኪ በአጭሩ ንገረኝ።»

ጃፋር ቀና ብሎ በኮምፒውተሩ አናት በኩል ሒክማን አያት። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትነግረዋለች፤ እሱ በድምፁ ይለዋል፤ እንዲህ ነው የኖሩት። ሒክማ አየችው እንጂ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። ሐቢባ ከበሩ በእጇ «በይው እንጂ» የሚል ምልክት ሰጠቻት። ሒክማ እጆቿን አጣምራ ወንድሟን ማየቷን ቀጠለች። ጥላቻ አልነበረም። ደክሟት ነበር።

«ጃፋር? ኔትወርኩ ተቋረጠ እንዴ?» አለ አቶ ሔሩይ።

የጃፋር እጅ ወደ ኮምፒውተሩ ክዳን ሄደ። ቢዘጋው ማንም አይጠረጥርም፤ መቀሌ ኔትወርክ ተቋረጠ ቢባል ማን ይጠይቃል? ክዳኑን ነካው። ከዚያ እጁን መለሰ።

«አልተቋረጠም» አለ። የቢሮው ድምፅ ጠፍቶ ነበር። «እኔ አላውቀውም፣ አቶ ሔሩይ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ በእሷ አካውንት ገብቼ። የሠራችው እሷ ናት።»

«የትኛውን?»

«ሁሉንም።»

ከአቶ ሔሩይ ኋላ የአዲስ አበባ መኪና ጥሩምባ ይሰማል። «እዚያ አለች?» አለ። ጃፋር ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረው። ሒክማ አስረዳች፦ የጋራው ፋይል ለምን እንደማይነካ፣ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱን እንዴት እንደሚጨምርበት። ድምፏ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ኋላ ላይ ግን ስለ ሥራው ስለነበር የምታወራው ረጋ አለ። አቶ ሔሩይ ሁለት ጥያቄ ጠየቃት፤ ሁለቱንም መለሰች። ይቅርታ ይላል ብላ ጠበቀች። አላለም። «የነገውን ገለጻ አንቺ ታደርጊያለሽ» አለ፤ «የቅጥሩን ነገር ግን ለጊዜው አቆየዋለሁ። አሁን የማንን ቃል ልያዝ?» ፊቱ ጠፋ።

ሒክማ ይህን ሰዓት ስታስበው እፎይ የምትል ይመስላት ነበር። ሐቢባ በሩ ላይ እንደቆመች «አሁን እነሱን ምን እንበላቸው?» አለች፤ የልጅቷን ቤተሰቦች ማለቷ ነው። ማንን እንደጠየቀች አይታወቅም። ጥቂት ጠብቃ የደረቀውን ሰሃን አንሥታ ወጣች። ከማድ ቤት የሰሃን መንኳኳት ተሰማ፣ ከወትሮው የበረታ።

ሒክማ ተነሥታ «ተነሥልኝ» አለችው ወንድሟን። ጃፋር ወንበሩን ለቀቀላት። ተቀምጣ አካውንቷን ከኮምፒውተሩ አወጣች፣ ፓስወርዷን ቀየረች። ጃፋር ግድግዳውን ተደግፎ ያያት ነበር። ጨርሳ ልትነሣ ስትል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሒክማ፣ ሆቴሉን ብቻ ለይተሽ የቀየርሽው እንዴት ነው? አስረድተሽዋል፤ እኔ ግን አሁንም አልገባኝም። አሳዪኝ።»

አብረው መሥራት ከጀመሩ ጊዜ አንስቶ «ሥሪልኝ» እንጂ «አሳዪኝ» ብሏት አያውቅም። ሒክማ ዓይኖቹን አየቻቸው፤ ቀልተዋል። መልሱ ቀላል ነበር፤ ሁለት ፋይል ከፍቶ ማሳየት ብቻ። ላፕቶፗ ያለበትን ቦርሳ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችው።

«ዛሬ አላሳይህም» አለችው። «ነገ ጠይቀኝ።»